ያለ ጥፋት መፈረድ በአሜሪካ፦ የቆዳ ቀለም ሥራውን የሚሠራው የቱ ጋ ነው?

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን ወጣቶች የውይይት ምሽት እያሰናዳን ነው። ርእሱ በአሜሪካ ያለ ጥፋታቸው ተፈርዶባቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ንጹሕነታቸው ስለተረጋገጠ ሰዎች ነው። ልጆቹ አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ፖሊስ ሲያስቆማቸው ወላጆቻቸው ከየት እንደመጡ አያውቅም፤ የሚያየው ጥቁር ወጣት ነው።

የያዝኩት ቁጥር ይህ ነው፦ ናሽናል ሬጅስትሪ ኦፍ ኤግዞኔሬሽንስ የተባለው መዝገብ በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1989 ወዲህ ንጹሕነታቸው ተረጋግጦ ከተመዘገቡት 3,200 ሰዎች 53 በመቶው ጥቁሮች ናቸው። ከአገሪቱ ሕዝብ ያላቸው ድርሻ ግን 13.6 በመቶ ነው። ልጆቹ «እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ?» ሲሉኝ «ዘረኝነት ስላለ» ከማለት ያለፈ መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ።

የቆዳ ቀለም ጉዳዩ ውስጥ የሚገባው በየትኛው ደረጃ ነው? ፖሊስ ጣቢያ? ዐቃቤ ሕግ ቢሮ? ጁሪው (ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች) ወይስ ዳኛው ዘንድ? «ጥቁሮች ብዙ ስለሚከሰሱ ነው ብዙ ነጻ የሚወጡት» ለሚል ሰውስ ምን ይመለሳል? ደግሞም በዲሲ፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ልጁ የተፈረደበት ቤተሰብ ከየት ይጀምር? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

ሚዛን

እህት ሚሚ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልነሣ፤ የመጀመሪያውም አብሮ ይመለሳል።

«ብዙ ስለሚከሰሱ ነው» የሚለው በግድያ ላይ ከፊል እውነት አለው። በግድያ የሚከሰሱት ጥቁሮች ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ስለሆኑ ስሕተቱም በዚያው ልክ ይበዛል። ነገር ግን እዚያው ዘገባ ላይ ሌላ ስሌት አለ፦ በግድያ ከተፈረደባቸው መካከል ጥቁሮቹ ንጹሕ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ80 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህ ንጽጽር የተሠራው ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል ብቻ ስለሆነ የክሱ ብዛት አያብራራውም። በዕፅ ላይ ደግሞ ክርክሩ ጨርሶ አይቆምም። ጥቁሩም ነጩም ዕፅ የሚጠቀመው በተቀራራቢ መጠን ነው፤ ንጹሕ ሆኖ በዕፅ ወንጀል የመፈረድ ዕድል ግን ለጥቁሩ 19 እጥፍ ነው። ለግድያ 7.5 እጥፍ፣ ለወሲባዊ ጥቃት 8 እጥፍ ነው። የሦስቱም መንሥኤ የተለያየ ስለሆነ ለልጆቹ ስታስረጂ ለያይተሽ አቅርቢው።

የወሲባዊ ጥቃቱ ዋና መንሥኤ የዓይን ምስክር ነው። በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ከወጡት ሰዎች 69 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ሰውን አሳስቶ የለየ ምስክር ነበር። ማንም ሰው የሌላ ዘር ፊት ለመለየት ይበልጥ ይቸገራል። በ2001 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የታተመ ትንተና፣ ከዚህ በፊት ያላዩትን የሌላ ዘር ሰው «እሱ ነው» ብሎ የመሳሳት ዕድል ከራስ ዘር 1.56 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለች ምስክር አትዋሽም፤ ከልቧ ታምናለች፤ ጁሪውም የሚቀበላት ከልቧ ስለምትናገር ነው። ለዚህ ነው መስቀለኛ ጥያቄ ብዙ የማይረዳው፤ መስቀለኛ ጥያቄ ውሸትን ለማጋለጥ እንጂ ተሳስቶ ያመነን ሰው ለማረም አልተሠራም።

ለልጆቹ አንድ ጉዳይ ብቻ የምትነግሪያቸው ከሆነ የቲሞቲ ኮልን ንገሪያቸው። በ1985 በላበክ፣ ቴክሳስ ነው፤ ኮል የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ለተጠቂዋ ፎቶዎች ሲቀርቡላት የሌሎቹ ከፖሊስ መዝገብ የወጡ ነበሩ፤ የኮል ብቻ በፖላሮይድ የተነሣ ነበር። ከፎቶው ለየችው፤ ቀጥሎ በአካል በተሰለፉበትም ያንኑ ፊት ለየች። ጥቃቱን ያደረሰው ሰው ሲያጨስ እንደነበር ተናግራ ነበር፤ ኮል ግን ከባድ አስም ነበረበት። በ1986 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እውነተኛው ጥፋተኛ ጄሪ ጆንሰን በ1995 ከእስር ቤት ሆኖ «እኔ ነኝ» ብሎ ለባለሥልጣናት ጻፈ፤ ሰሚ አላገኘም። ኮል በ1999 እስር ቤት ውስጥ በአስም ሞተ። ዲኤንኤው የጆንሰን መሆኑ የታወቀው በ2008፣ ፍርድ ቤት የኮልን ንጹሕነት ያወጀው በ2009 ነው። እናቱ ልጇ ከተቀበረ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው ያንን ውሳኔ የሰማችው። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ትክክለኛው አሠራር እኮ ውድ አይደለም። በአንድ ስብስብ ውስጥ አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ይገባል፤ አብረውት ቢያንስ አምስት ጉዳዩ የማይመለከታቸው፣ ምስክሩ ከሰጠው መግለጫ ጋር የሚመሳሰሉ ሰዎች ይጨመራሉ። መግለጫው «ጢም ያለው» ካለ ሁሉም ጢም ይኑራቸው። ፎቶውን የሚያሳየው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ሳያስበው በዓይኑ ወይም በድምፁ ይጠቁማል። ለምስክሩ «ሰውየው እዚህ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ባትመርጥም ምርመራው ይቀጥላል» ይባላል። ከመረጠ በኋላ ማንም አንዲት ቃል ሳይነግረው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በራሱ አነጋገር ይጻፋል። ሁሉም በቪዲዮ ይቀረጻል።

የእርግጠኝነቱ ነገር ትልቁ ቁልፍ ነው። ፎቶውን ባየ ጊዜ «ይመስለኛል» ያለ ምስክር፣ ፖሊሱ «ጥሩ ለየህ» ካለው፣ ከስምንት ወር በኋላ ችሎት ላይ «ፈጽሞ አልረሳውም» ይላል። ስለዚህ ተከላካይ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን የመጀመሪያ ቀን ቃል ነው። ያው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቦ ከተለየ ደግሞ ሁለተኛው መለየት ዋጋ የለውም፤ ምስክሩ የሚያስታውሰው ፎቶውን ይሁን ወንጀለኛውን መለየት አይቻልም።

ኒው ጀርሲ በ1999 ዳኛው ስለ ሌላ ዘር ፊት የመለየት ችግር ለጁሪው እንዲያስረዳ መንገድ ከፈተች፤ በ2011 ደግሞ አሰፋችው። ኒው ዮርክ በ2017 ተከተለች፤ እዚያ ግን ጠበቃው መጠየቅ አለበት። ሳይጠየቅ ከቀረ መብቱም አብሮ ያልፋል።

ባለ ካባ

ሚዛን ስለ ዓይን ምስክር የጻፈው በቂ ነው፤ እኔ ግድያውን ልያዘው። በግድያ ጉዳዮች ላይ ትልቁ ችግር የተደበቀ ማስረጃ ነው።

ከ1963 ጀምሮ፣ ብሬዲ ተብሎ በሚጠራው ውሳኔ፣ ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ ካለው ለመከላከያው የመስጠት ግዴታ አለበት። በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ እጅ ያለውም እንደሚቆጠር ተናግሯል፤ «ለእኔ አልነገሩኝም» ማለት አያድንም። ታዲያ ለምን ይከሽፋል? የሚጠቅመውና የማይጠቅመው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ለማሸነፍ የሚከራከረው ወገን ራሱ ነው፤ መከላከያው ደግሞ መኖሩን የማያውቀውን ወረቀት ሊጠይቅ አይችልም። ቢደረስበትም ዐቃቤ ሕጉ በችሎት ሥራው በግሉ ካሣ አይከፍልም፤ በ1976 የተሰጠ ውሳኔ ሙሉ ከለላ ሰጥቶታል።

ለእናንተ ቅርብ የሆነው የባልቲሞር ጉዳይ ነው። በ1983 በሃርለም ፓርክ ትምህርት ቤት አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለጃኬቱ ሲባል ተገደለ። አልፍሬድ ቼስትነት፣ ራንሰም ዋትኪንስና አንድሩ ስቱዋርት የሚባሉ የ16 ዓመት ጥቁር ልጆች ተያዙ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። መርማሪዎቹ ሌላ የ18 ዓመት ወጣትን የሚጠቁም የምስክሮች ቃል ይዘው ነበር፤ መከላከያው አላየውም። ያ ወረቀት የወጣው ቼስትነት ራሱ ከእስር ቤት ሆኖ የሕዝብ መዝገብ ጥያቄ አቅርቦ ነው። በኅዳር 2019፣ ከ36 ዓመት በኋላ ሦስቱም ተፈቱ። ምስክር ሆነው የቀረቡት ተማሪዎችም ልጆች ነበሩ፤ በኋላ የሰጡትን ቃል ሽረዋል። እዚህ ላይ ለወጣቶቹ የምትነግሪያቸው ትልቅ ነገር አለ፦ ጫና የሚደረገው በተጠርጣሪው ላይ ብቻ አይደለም፤ ምስክር ተብሎ የተጠራ ልጅም ወላጅና ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ጁሪውን በተመለከተ። ዐቃቤ ሕጉም ጠበቃውም የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይሰጡ ከጁሪ ማስወጣት ይችላሉ። በ1986 ባትሰን የተባለው ውሳኔ ይህን በዘር ምክንያት ማድረግ ከለከለ። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው፦ ጠበቃው ይቃወማል፤ ዐቃቤ ሕጉ ከዘር ውጪ የሆነ ምክንያት ይሰጣል፤ ዳኛው ምክንያቱ እውነተኛ ነው ወይ ብሎ ይወስናል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ «ዓይኔን አላየኝም»፣ «ሰፈሩ አላማረኝም» የሚል ሁሉ ያልፋል። በ2016 የታየው የጆርጂያ የፎስተር ጉዳይ የዐቃቤ ሕጉን ማስታወሻ አስወጥቶ ነበር፤ የጥቁር ጁሪ ዕጩዎቹ ስም በአረንጓዴ ቀለም ተሰምሮበታል። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይገኝም።

የከርቲስ ፍላወርስ ጉዳይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሚሲሲፒ፣ ዊኖና፤ በ1996 አራት ሰዎች አንድ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ተገደሉ። አንድ ዐቃቤ ሕግ ፍላወርስን ለዚያው ወንጀል ስድስት ጊዜ ለፍርድ አቀረበው። በስድስቱ ችሎቶች ሊያስወጣቸው ይችል ከነበሩት 42 ጥቁር ዕጩዎች 41ዱን አስወጣ። በስድስተኛው ችሎት ካስወጣቸው አምስት ጥቁሮች 145 ጥያቄ ጠየቀ፤ ከተቀመጡት 11 ነጮች ግን 12 ብቻ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ውሳኔውን ሻረ፤ በ2020 ክሱ ተነሣ። ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ አልፏል። ጥሩ ጠበቃ ከዚህ የሚማረው መቁጠርን ነው፦ ለማን ስንት ጥያቄ ቀረበ፣ ያንኑ መልስ የሰጠ ነጭ ተቀመጠ ወይ? ይህ በችሎቱ መዝገብ ላይ ካልተያዘ ይግባኝ ሰሚው አያየውም።

አንዳንድ ግዛቶች በዚህ ተሰላችተዋል። ዋሽንግተን ግዛት በ2018 ሆን ተብሎ መደረጉን የማስረዳት ሸክሙን አነሣች፤ አሪዞና ከ2022 ጀምሮ ያለ ምክንያት ማስወጣትን ጨርሳ ሰረዘች። እኔ የአሪዞናን መንገድ እመርጣለሁ።

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለታችሁም የጻፋችሁት ችሎት ስለደረሱ ጉዳዮች ነው። አብዛኛው ሰው ግን ችሎት ሳይደርስ ተደራድሮ ያልቃል ይባላል። ንጹሕ የሆነ ሰው ለምን «ጥፋተኛ ነኝ» ይላል? ልጆቹ ይህን ነው ማመን የሚያቅታቸው።

የችሎት አስተርጓሚ

ሚሚ፣ ሂዩስተን ባለበት በሃሪስ ካውንቲ (ቴክሳስ) በ2015 አካባቢ የነበረውን አሠራር ብትወስጂ ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

ፖሊስ መኪና ያስቆማል፤ ምንጣፍ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ያያል፤ ሁለት ዶላር ገደማ በሚያወጣ የዕፅ መመርመሪያ ኪት እዚያው መንገድ ላይ ይሞክረዋል። ኪቱ ውስጥ ያለው ኮባልት ታዮሳያኔት ኮኬይን ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ችግሩ፣ አንዳንድ የብጉር መድኃኒትና የቤት ማጽጃን ጨምሮ ሌላ ብዙ ነገርም ሰማያዊ ያደርገዋል። ላቦራቶሪው ውጤት እስኪያወጣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሰውየው የዋስትና ገንዘብ የለውም። «ዛሬ ካመንክ በጥቂት ሳምንት ትወጣለህ፤ ከተከራከርክ ዓመታት ይጠብቁሃል» ይባላል። ሥራውና የቤት ኪራዩ አይጠብቁትም፤ ስለዚህ ያምናል። ኋላ ላቦራቶሪው ሲመረምር ዕፅ የሚባል የለበትም። በ2015 ብቻ በዚያ ካውንቲ 42 ሰዎች እንዲህ ነጻ ተብለዋል። የሕዝቡ 20 በመቶ ገደማ ጥቁር በሆነበት ካውንቲ፣ አምነው ከተፈረደባቸውና በኋላ ነጻ ከወጡት የዕፅ ተከሳሾች 62 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ። የቆዳ ቀለም የገባው መጀመሪያ ላይ፣ ማን እንዲቆምና መኪናው እንዲፈተሽ ሲወሰን ነው። ኪቱማ የሰው መልክ አይለይም።

ሆን ተብሎ የተሠራም አለ። በቱሊያ፣ ቴክሳስ በ1999 በአንድ ሰላይ ፖሊስ ቃል ብቻ 46 ሰዎች ተያዙ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ቪዲዮ የለም፣ ድምፅ የለም። በ2003 ገዥው ለ35ቱ ምሕረት ሰጠ።

በምርመራ ወቅት የሚሰጥ የእምነት ቃልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሐሰት መሆናቸው በተረጋገጡ የእምነት ቃሎች ላይ በ2004 የታተመ ጥናት፣ የጊዜው ርዝመት በተመዘገበባቸው ጉዳዮች ምርመራው በአማካይ 16.3 ሰዓት እንደፈጀ አሳይቷል። ፖሊስ «አሻራህ ተገኝቷል» ብሎ እንዲዋሽ ሕጉ በአብዛኛው ይፈቅድለታል፤ ከ1969 ጀምሮ እንዲሁ ነው። በ1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ጉዳይ የተያዙት አምስት ልጆች ከ14 እስከ 16 ዓመት ነበሩ፤ ቃላቸው እርስ በርሱ አይገጥምም፣ ዲኤንኤውም የእነሱ አልነበረም፤ ሆኖም ተፈረደባቸው። በ2002 እውነተኛው አጥቂ ተናገረ፤ ዲኤንኤውም የእሱ ሆነ።

ለወጣቶቹ ቃል በቃል አስተምሪያቸው፦ «ጠበቃ እፈልጋለሁ፤ ያለ ጠበቃ አልናገርም።» ያለ «ምናልባት»፣ ያለ «ይሻለኝ ይሆን?»። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተጠራጠረ ጥያቄ እንደ ጥያቄ አይቆጠርም ብሏል። በ2010 ደግሞ ዝም የማለት መብትን መጠቀም ራሱ በግልጽ መነገር እንዳለበት ወስኗል። በሜሪላንድ ከ2022 ጀምሮ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከጠበቃ ጋር ሳይማከር በእስር ላይ እያለ አይጠየቅም።

አሁን ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚበልጠው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ድርድሩ ከእስሩ ይከብዳል። ለራስ መጠቀሚያ ከተያዘ 30 ግራምና ከዚያ በታች ማሪዋና፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ በቀር፣ ማንኛውም የዕፅ ፍርድ ግሪን ካርድ ያለውንም ከአገር ያስባርራል። በስርቆት ወይም በኃይል ወንጀል የአንድ ዓመት ቅጣት ከተጣለ፣ ተገድቦ አንድ ቀን ባይታሰርም፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዱ ምድብ ይገባል፤ 364 ቀን ከሆነ ግን አይገባም። የአንድ ቀን ልዩነት ማለት ነው። «አመክሮህን ከጨረስክ መዝገቡ ይዘጋል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቅጣት ወይም ገደብ ከተቀበለ ለኢሚግሬሽን ተፈርዶበታል።

ከ2010 ጀምሮ ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት፤ ፓዲያ ይባላል ውሳኔው። ካልነገረው ወይም በስሕተት ከመከረው ፍርዱ ሊሻር ይችላል። ሲሻር ግን በምን ምክንያት እንደተሻረ ትዕዛዙ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። በሕግ ስሕተት የተሻረ ፍርድ ለኢሚግሬሽንም እንደሌለ ይቆጠራል፤ «ሰውየው እንዳይባረር ታዝኖለት» የተሻረ ግን አይቆጠርም።

ስለ ትርጉም ደግሞ፦ የፌዴራል የአስተርጓሚነት ማረጋገጫ ፈተና አሁን ያለው ለስፓኒሽ ብቻ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ችሎታው እንደየሰዉ ይለያያል። ተከሳሹ አንድ ቃል ካልገባው ያኔውኑ ለጠበቃው ይንገር፤ ጠበቃውም በመዝገብ ያስይዝ። የፖሊስ ጣቢያው ቃለ መጠይቅ ቅጂ ካለ ሌላ አስተርጓሚ እንዲያዳምጠው ይደረግ። ዘመድ ወይም ፖሊስ ራሱ ያስተረጎመበት ቃል ጠበቃው መጀመሪያ ሊያጠቃው የሚገባ ማስረጃ ነው።

ታዛቢ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ በሥነ ሥርዓት ጉድለት የተለቀቁ እንጂ በእርግጥ ንጹሕ አይደሉም የሚል ሰው አለ። መዝገቡ የተፈታውን ሁሉ ነው እንዴ የሚቆጥረው?

ሚዛን

አይደለም ወንድሜ። ሰውየው ከፍርዱ ውጤት ሁሉ ነጻ መባል አለበት፤ ለዚያም ቢያንስ በከፊል ምክንያቱ አዲስ የንጹሕነት ማስረጃ መሆን አለበት። ማስረጃ በሕገ ወጥ መንገድ ስለተያዘ ብቻ የተፈታ ሰው አይገባም። ለመፈታት ሲል በዚያው ጉዳይ ቀለል ያለ ጥፋት ያመነም አይገባም። ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ነው፤ በተለይ አጭር እስራት የተፈረደበት ሰው ሲወጣ ጉዳዩን የሚከታተልለት ስለማያገኝ።

ባለ ካባ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ቤተሰብ ከየት ይጀምር ወደሚለው። በመጀመሪያ ቀኖቹን ጻፉ፤ ከማስረጃ እጦት ያላነሰ የጊዜ ገደብ ብዙ ጉዳይ ይገድላል።

ይግባኝ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የግዛት ፍርድ ቤቶች ማስታወቂያው በ30 ቀን ይገባል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት በ14 ቀን። ይግባኝ የሚያየው በመዝገብ ያለውን ብቻ ነው። አዲስ ምስክር ይዞ ይግባኝ ሰሚ ዘንድ መሄድ ቤተሰብ ተስፋ ጥሎበት የሚያዝንበት ነገር ነው።

ቀጥሎ በግዛቱ ፍርድ ቤት ከፍርድ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ አለ። ሜሪላንድ በመደበኛው መንገድ አንድ አቤቱታ ብቻ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ ወይም ይግባኙ ካለቀ አንድ ዓመት፣ የዘገየውን ትሰጣለች። የፌዴራል ሄቢየስ ኮርፐስ (እስሩ ሕጋዊ አይደለም ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ) የጊዜ ገደቡ ከ1996 ጀምሮ አንድ ዓመት ነው፤ በአግባቡ የቀረበ የግዛት አቤቱታ እየታየ ያለበት ጊዜ አይቆጠርም፤ አቤቱታው ከመግባቱ በፊት በከንቱ ያለፈው ጊዜ ግን ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ የግዛቱን አቤቱታ በ11ኛው ወር ያስገባል፤ ሲመለስ የቀረው አንድ ወር ነው። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠንካራ የንጹሕነት ማስረጃ ያለው ሰው ጊዜው ቢያልፍም በሩ እንዳይዘጋበት ወስኗል፤ መስፈርቱ ግን ከባድ ነው።

ንጹሕነትን ብቻ የሚመለከቱ መንገዶች ደግሞ አሉ። ዲሲ የ2002 የንጹሓን ጥበቃ ሕግ አላት፤ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይቻላል። ሜሪላንድ ከ2009 ጀምሮ በአዲስ ማስረጃ የንጹሕነት አቤቱታ ትቀበላለች፤ ከ2019 ወዲህ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ፍርዱ እንዲሻር መጠየቅ ይችላል። በቨርጂኒያ ዲኤንኤን የመሰለ ማስረጃ ከሆነ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሌላ ከሆነ ለይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይቀርባል፤ ከ2020 ጀምሮ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ለነበሩም ተፈቅዷል።

ቤተሰቡ ዛሬ ሊሠራው የሚችለው ወረቀት መሰብሰብ ነው። የችሎቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤ፣ ክሱን፣ የላቦራቶሪ ሪፖርቱን፣ የፖሊስ ሪፖርቶቹን ሰብስቡ። የቀድሞው ጠበቃ ፋይል የደንበኛው ነው፤ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቢሮው ሲዘጋ ወይም ጠበቃው ሲሞት ፋይሉ ይጠፋል። ኤግዚቢቱ (በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ) የት እንዳለ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ለፖሊስ ንብረት ክፍል፣ ለላቦራቶሪውና፣ ጥቃት ከሆነ፣ ለሆስፒታሉ ለየብቻ ጻፉ፤ «የለም» የሚለውን የአንዱን መልስ ለሁሉም አትውሰዱት። እንዳይወገድ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ዳላስ ካውንቲ ብዙ ሰው በዲኤንኤ ነጻ ያወጣበት አንዱ ምክንያት ላቦራቶሪው የቆየ ናሙና አለመጣሉ ነው። የሕዝብ መዝገብ ጥያቄም አቅርቡ፤ ቼስትነት የወጣው በዚያ ነው።

አንድ ነገር አታድርጉ፦ ምስክሩን ራሳችሁ አታናግሩ። ቃሉን የሚሽር ምስክር እንኳ ቢገኝ፣ ቤተሰብ ሄዶ ካናገረው «አስፈራርተውት ነው» ይባላል። መርማሪ ወይም ጠበቃ፣ ከሁለተኛ ሰው ጋር ሆኖ ይሂድ።

ሚድ አትላንቲክ ኢኖሰንስ ፕሮጀክት ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ይሸፍናል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚወስደው «እኔ አልፈጸምኩም» የሚሉ ጉዳዮችን ነው፤ «ፈጽሜያለሁ ግን ቅጣቱ በዛ» ወይም «ራሴን ስከላከል ነው» የሚሉትን አይደለም። ማጣራቱ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል እየጠበቃችሁ የፌዴራሉ የአንድ ዓመት ገደብ እንዳያልፍባችሁ። የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ታሪኩን በቅደም ተከተል፣ ጁሪው ያልሰማውን ማስረጃ ለይታችሁ፣ ይህ ማስረጃ ማን ዘንድ እንዳለ ጨምራችሁ በሁለት ሦስት ገጽ ጻፉ።

በአመክሮ ሰሌዳ ፊት ደግሞ «ተጸጽቻለሁ» ያላለ ሰው ብዙ ጊዜ አይለቀቅም። ንጹሕ የሆነው ሰው ለዚህ ነው ከጥፋተኛው በላይ የሚታሰረው። እዚያ የተናገረው ቃል በኋላ በንጹሕነት አቤቱታው ላይ ሊቀርብበት ስለሚችል ከመግባቱ በፊት ከጠበቃ ጋር ይምከር።

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ከወጡ በኋላስ ካሣ ያገኛሉ? ይህን አንድ ልጅ ጠይቆኝ ነበር።

ሚዛን

እንደ ቦታው ነው። የፌዴራል ሕጉ በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ የሞት ፍርድ ሲጠብቅ ለነበረ እስከ 100,000 ይሰጣል። ቴክሳስ በቲሞቲ ኮል ስም በተሰየመው ሕግ በዓመት 80,000 ትከፍላለች። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው የዋልተር ሎማክስ ሕግ የግዛቱን የቤተሰብ ገቢ መሠረት አድርጋ ታሰላለች። በሚዙሪ ግን ከ1979 ጀምሮ ከ42 ዓመት በላይ ታስሮ በ2021 የተፈታው ኬቨን ስትሪክላንድ ከግዛቱ ምንም አላገኘም፤ የዚያ ግዛት ሕግ የሚክሰው በዲኤንኤ ነጻ የወጣን ብቻ ስለነበረ።

ለልጁ አንድ ነገር ጨምሪለት። ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩ ሊሻር ሲል «ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ በልና የታሰርክበት ይበቃሃል፤ ወደ ቤትህ ሂድ» የሚል ድርድር ያቀርባል። ንጹሕ ነኝ እያሉ ጥፋተኝነትን መቀበል የሚፈቀድበት፣ አልፎርድ የሚባል መንገድም አለ። የፈረመ ሰው በዚያው ቀን ይወጣል፤ የወንጀል መዝገቡ ግን ይቀራል፣ ካሣውም ብዙ ጊዜ ይቀርበታል፣ ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ኢሚግሬሽን በር ላይ ሊጠብቀው ይችላል። የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ የሚቀርብ ወረቀት ስለሆነ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ከጠበቃው ጋር አስቀድሞ፣ ከችሎቱ ቀን በፊት ይነጋገርበት።